የዋሻው ሁለት ቁልፎች

ውድ አምደሚካኤል፣

«ውድ» ያልኩህ እጄ ለምዶት ነው እንጂ ልቤስ ሌላ ስም አውጥቶልሃል። እሱን ወረቀት ላይ ማስፈር ነውር ነው።

ትናንት ከደብረ ማርቆስ የመጡ ተማሪዎችን ዋሻው አስገባሁ። ድሮ አንተ ባትሪ ይዘህ ከፊት ትሄዳለህ፣ እኔ ሰው እንዳይቀር ከኋላ እከተላለሁ። ዋሻው ውስጥ የተቀበረችው የጥንቷ ሴትዮ የወፍጮ ድንጋይ ጋ ስትደርስ «ይቺ ሴትዮ ከአምስት ሺህ ዓመት በፊት ባለሙያ ነበረች፤ ማርያማዊት ግን ዛሬም ሽሮ ታሳርራለች» እያልክ ታስቃቸው ነበር። እኔም የተቆጣሁ መስዬ እስቅ ነበር። አሁን የማስጎበኘው ብቻዬን ነው።

የሴትዮዋ መቃብር ጋ ስንደርስ አንዲት ተማሪ «አንገቷ ላይ ነበር የተባለው ዶቃስ?» አለችኝ። «ተሰረቀ» አልኳት። መምህራቸው ይህን ሲሰማ ስልኩን አውጥቶ «ይሄ ይሆን እንዴ?» አለ። አንድ የውጭ አገር ሰው ከኢትዮጵያ አገኘሁት ብሎ ኢንተርኔት ላይ የለጠፈው ፎቶ ነበር።

ከዶቃው በፊት ያየሁት ጨርቁን ነው። ዶቃው የተዘረጋው ጥጉ ላይ አረንጓዴ መስቀል ባለው ነጭ መሐረብ ላይ ነው። መርፌ ጣቴን እየወጋኝ ጠልፌ ለጥምቀት የሰጠሁህ መሐረብ! አንተ ሰው፣ ሌላ ጨርቅ አጣህ?

ዶቃው የጠፋ ሰሞን የሆነውን መቼም አትረሳውም። የዋሻው የብረት በር አልተሰበረም። ቁልፉ ደግሞ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንዱ አንተ ጋ፣ ሌላው ዘበኛው አባቴ ጋ። አገሩ ለአውጫጭኝ ተጠራ፤ ሌባው ሳይወጣ ማንም ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እንዳይነሣ ተባለ። ሰው ወደ አንተ እያየ ሲንሾካሾክ ፊትህ አመድ መሰለ። አላስቻለኝም። ብድግ ብዬ የቄሱን መስቀል ጨበጥኩና «አምደሚካኤል ንጹሕ ነው፤ ዋሽቼ እንደሆን ይህ መስቀል ይፍረድብኝ!» አልኩ። እወድህ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ከአፌ ያልወጣውን ቃል ይኸው ዛሬ ተናድጄ ጻፍኩት።

አንዱን ቁልፍ ነጻ ሳወጣ በሌላው ላይ መመስከሬ መሆኑ አልገባኝም ነበር። አገሩ ሁሉ ፊቱን ወደ አባቴ አዞረ። ለእሳቸውም ልማል ብል «ልጅ ለአባቷ አትምልም» ብለው አስቀመጡኝ። አንተ አጠገቤ ነበርክ። አቀርቅረህ መሬት መሬቱን ታይ ነበር እንጂ አንድ ቃል አልተነፈስክም!

የአባቴን ቁልፍ ነጠቋቸው። በጊዮርጊስ ማኅበር ጽዋው ሲዞር እሳቸውን ዘሎ አለፈ። ቤት ስንገባ «ልጄ፣ ለባዳ ምለሽ እኔን ለሰው አፍ ሰጠሽኝ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ማዕድ በልተን አናውቅም። አንተ ደግሞ በወሩ «አዲስ አበባ ሥራ አገኘሁ» ብለህ ስትሄድ ስንቅህን የቋጠርኩት እኔ ነኝ፤ መናኸሪያ ድረስ የሸኘሁህም እኔው። ወይ ቂልነቴ!

የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አገሩ እንደገና ይቀመጣል። ያስጠራሁት እኔ ነኝ። መጀመሪያ በሐሰት መማሌን ተናግሬ ንስሓ እገባለሁ፤ ከዚያ ፎቶውን አሳይቼ ስምህን እጠራለሁ። መምጣት መቅረቱን አንተ ታውቃለህ።

አባቴ መሐረቡን ገና ሲያዩት አወቁት። ከዚያም እንዲህ ብዬ እንድጽፍልህ አዘዙኝ፤ «ይምጣ። ሰው ፊት ብቻን መቆም ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ፤ ከጎኑ እቆማለሁ።»

ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩልህ። እኔ ግን የምቆመው ከፊት ለፊትህ ነው።

ያን ዕለት የማልኩልህ
ማርያማዊት አበረ
ሮብ ገበያ