የትራክተሩ ሁለተኛ ቁልፍ

ሰቆጣ፣ ግንቦት 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ሁመራ፤

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ሙቀቱና ወባው አልጣለህም? ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ደብዳቤ አይባልም ብለው ስላስተማሩን ነው የምጠይቅህ። ከጠየቅሁ ግን መልሱን እፈልጋለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ግራ ጉልበቴ ዳገት አልወጣም ብሎኛል፣ ዓይኔም ያለ መነጽር አያነብም። ከዘመድ የሞተ የለም። እናታችን ከሞተች ሦስት ዓመት ሆናት፤ እሱን ሰምተሃል፣ ሰምተህም አልመጣህም።

ጽሕፈቱ የማን ነው ብለህ አትመርምር፤ የእኔ ነው። በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል ቆጠርኩ። ጎልማሶችን የሚያስተምሩት በልጆቹ ክፍል ስለሆነ ከትርፌ ጋር በልጆች ወንበር ላይ ተጨናንቀን፣ ጉልበታችን ከጠረጴዛው በላይ ወጥቶ ሁለት ዓመት ተማርን። ጥሩሐረግ በመስኮት እያየችን «ደግሞ ምን ልትሆኑ ነው? ዳኛ ልትሆኑ ነው?» እያለች ትስቅ ነበር። ደብዳቤ ማስጻፍ ስለሰለቸኝ ነው አልኳት። እውነትም ሰልችቶኝ ነበር፤ ደግሞ ለጸሐፊ የማይነገር ነገር አለ። ይህን የሚያደርስልህ ወደ ሁመራ ለአረም ሥራ የሚወርደው ገብረ አምላክ ነው። እሱን የመረጥኩት ጨዋ ስለሆነ እንዳይመስልህ። ማንበብ ስለማይችል ነው።

ጉዳዬ ትራክተሩ ነው። እዚያ ብዙ ትራክተር ስለምትነዳ የእኛን ረስተኸው ይሆናል፤ ላስታውስህ። የረድኤት ድርጅቱ ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ለእኛ፣ ባል ለሌለን ሃያ ሦስት ሴቶች ትቶልን ሄደ። በአገራችን ሴት ሞፈር አትጨብጥም። አራሽ ወንድ የሌላት መሬቷን ለእኩል ትሰጥና የምርቱን ግማሽ በአህያ ጭና ትሸኛለች። አንተ ሦስት ክረምት ያንን ሜዳ እያረስክ እህላችን ሙሉው ቤታችን ገባ። በሬ ነው ብለን ቀዮ የሚል ስም አወጣንለት። ከዚያ በ1990 በሰኔ ወር ቆመ፤ ይኸው ቆሞ ቀረ።

አሁን ብታየው አታውቀውም። ቀዩ ቀለም ነጥቷል። የፊት ጎማዎቹ መሬት ውስጥ ሰምጠዋል፣ በመሪው መካከል አጋም በቅሏል፣ አንተ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ የአስማረ ዶሮ እንቁላል ትጥላለች። አስማረ አሁንም የቀበሌው ሊቀመንበር ነው፣ አሁንም ሳይጠሩት ይናገራል። የእኔን መሬት ለእኩል የሚያርሰው ንብረት የሚሉት ሰው ነው። የራሱን ጨርሶ፣ የአማቹን ጨርሶ፣ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ይመጣልኛል። ምነው ዘገየህ ስለው «ባል የሌለው መሬት መጠበቅ ይችልበታል» ይለኛል። አፉን ይዝጋው። ግን ግማሹን እሰፍርለታለሁ።

ዘንድሮ ከወረዳ የመጡ ሰዎች ሁለት ነገር አቀረቡልን። ወይ ቀዮ ለብረት ነጋዴ ይሰጥና ሌላ ያገለገለ ትራክተር ይተካልን፣ ወይ እሱ ራሱ ይጠገን። ሁለቱንም አናገኝም። ከተሸጠ በሳምንቱ ተቆራርጦ ይጫናል፣ ማንም ከፍቶ አያየውም። የሚጠገን ከሆነ ግን ባለሙያ ባለበት፣ የሴቶቹ ማኅበር በሙሉ ቆሞ እያየ ይፈታል፤ ለምን እንደቆመም በጽሑፍ ይሰፍራል።

ስድስት ዓመት ሙሉ ይሸጥ እያልኩ የጮህኩት እኔ ነኝ። አርጅቷል አልኩ፣ መለዋወጫ የለውም አልኩ፣ በመጨረሻም ወንድሜን ያሳጣኝ ብረት ደጄ ላይ ቆሞ አላየውም ብዬ አለቀስኩ። ሴቶቹ አዘኑልኝ። ትርፌ ብቻ ናት ይጠገን እያለች የከረመችው። አዎ፣ ያቺው ትርፌ፣ ሽማግሌ ልትልክባት ያሰብካት። ያላገባችው ጠያቂ አጥታ አይደለም፤ ይህን የምነግርህ እንዲቆጭህ ነው።

አንተም ብትሆን ስትሄድ ሄደህ አንዲት ደብዳቤ ላክህ። መምህሩ በሴቶቹ ፊት አነበበልን። እህቴ እንዴት ነሽ የምትለው አንድ መስመር ናት፤ ከእሷ በታች ያለው ሁሉ ስለ ቀዮ ነው። ጎማው ከመሬት ይነሳ፣ በላዩ ሸራ ይደረግ፣ አትሽጡት፣ የሚያውቅ ሰው ስታገኙ ይከፈት። ሰው የሰደበውንና ያባረረውን አገር እንዲህ ይመክራል? ስድብ ጽፈህ ቢሆን ኖሮ ያን ቀን እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

እስቲ ከመጀመሪያው እንነጋገር። ያን ሰኔ ሞተሩ ሲያስል፣ ሲነሳና ሲጠፋ፣ ፊልትሮው፣ የናፍጣው ማጣሪያ፣ አርጅቷል፣ አዲሱ ከደሴ እስኪመጣ ጠብቁ አልከን። ጠበቅን። ዘሩ በጆንያ ሆኖ ዝናቡ በላያችን አለፈ። እኔ ካህን ይምጣና ጠበል ይረጭበት ብዬ ብናገር አንተ በሃያ ሴት ፊት ሆድህን ይዘህ ሳቅህ። «እታለም፣ ቀዮ ጋኔን የለበትም፣ የጎደለው ፊልትሮ ነው። ካልሆነልሽ ክርስትና አስነሽው፤ እኔ አበልጅ እሆንሻለሁ» አልከኝ። ትርፌ እንኳ ሳቀች። እናታችን ሁለት ዓመት ከአልጋ ሳትነሳ ቆይታ በጠበል ተነስታ ስትሄድ ያየኸው አንተ አይደለህም? ታዲያ ምን ያስቅሃል? እኔ በዚያ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዚያ ሌላ ዘር አልነበረኝም።

በሦስተኛው ቀን የጎረቤታችን የገብረ ኢየሱስ ተዝካር ነበር። አንተም፣ ሴቶቹም፣ አስማረም ከጠዋት ጀምሮ እዚያ ነበራችሁ። እኔ ከቀትር በኋላ ደረስኩ። እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጭቃ ነበር። አንተ ራስህ ቦታ ለቀህልኝ፣ «ብዪ እንጂ፣ ደክሞሻል» ብለህ እንጀራ አቀረብክልኝ። ከየት ነው የመጣሽው ያለኝ ሰው አልነበረም።

በማግሥቱ አዲሱ ፊልትሮ ደርሶ አስነሳኸው። ሜዳው ሳይደርስ ነጭ ጭስ ተፋና ቀጥ አለ። ፊልትሮውን ስትፈታ ከናፍጣው ይልቅ ውኃ ወጣ። ያን ያየ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበው፤ ናፍጣውን ሸጦ በውኃ ሞላበት። ሌላ አገር እንዲህ ያደረጉ ሾፌሮች ነበሩና ወሬው አዲስ አልነበረም።

አሁን የምጽፈው ስድስት ዓመት ሙሉ የበላኝን ነው። በሌብነት በከሰሱህ በዚያ ስብሰባ ለምን ስለ እኔ ማልክ?

አስማረ የናፍጣ መያዣው ክዳን ቁልፍ ማን ማን ጋ ነው ብሎ ጠየቀ። ሁለት ነው አልከው፤ አንዱ እኔ ጋ፣ አንዱ እህቴ ጋ። ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። አፌን ልከፍት ነበር። እግዚአብሔር ያውቃል፣ ልከፍት ነበር። አንተ ግን ብድግ ብለህ በእናታችን ቋንቋ፣ በኽምጣና፣ «በጠባሁት ጡት ይሁንብኝ፣ የእህቴ እጅ በዚህ ውስጥ የለበትም፤ ካለበት የእኔ እጅ ይቆረጥ» አልክና ተቀመጥክ። ወደ እኔ የዞረው ዓይን ሁሉ ወደ አንተ ተመለሰ። እኔን ከመጠየቅ አዳንከኝ። ማን አድነኝ አለህ? ልመናዬን ሰምተህ ነው? እንደዚያ ከማልክ በኋላ እኔ በየት በኩል ልናገር? እናታችን እኮ በር ላይ ተቀምጣ ነበር።

ቃለ ጉባኤው ላይ አሻራዬን አኖርኩ። ምን እንደሚል አላውቅም ነበር። ማንበብ እንደቻልኩ ከአስማረ ሳጥን አስወጥቼ አነበብኩት። «ተከሳሹ በቂ መልስ አልሰጠም» ይላል። መሐላህ የለበትም። ጸሐፊው ኽምጣና ስለማያውቅ ዘለለው። አሻራዬ ግን አለች፣ ከስምህ በታች፣ ሰማያዊ ሆና። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ፊደል መማር ደግ ነገር ነው ብሎ የነገረኝን ሰው ባገኘው ኖሮ አንድ ነገር እለው ነበር።

ባለፈው ገበያ ቀን ተስፋው የሚባል መካኒክ ከወልድያ መጣ። ቀጭን፣ ወሬኛ፣ እጁ የማይጸዳ ሰው ነው። ሊጠገን ይችል እንደሆነ ብቻ ሊያይ ነው የመጣው። ሞተሩን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገና፣ «እናቶቼ፣ የዚህ ሆዱ ነው የታመመው፣ ልቡ ደህና ነው። አንድ ፖምፓና ጥቂት ትዕግሥት ይበቃዋል» አለ። ከዚያ በጀርባው ተኝቶ ከናፍጣ መያዣው የቀረውን በሳህን ቀዳ። ውኃው ቡናማ ሆኗል። ከሥሩ ነጭ ጭቃ ወረደ። በጣቱ አሸው፣ አሸተተው፣ ደግሞ አሸው። «ይሄ አፈር አይደለም፤ እምነት ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን አምጥተን የታመመ ሰው ግንባር ላይ የምንቀባው አመድ» አለ። ቀና ብሎ ሁላችንንም አየና፣ «ይህን ትራክተር የገደለው ሌባ ከሆነ፣ ቆራቢ ሌባ ነው» አለ።

ሴቶቹ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጥሩሐረግ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔም ሳቅሁ፣ ከሁሉም በላይ እኔ ሳቅሁ። ትርፌ ግን አልሳቀችም። ከማርያም ጠበል በቢጫ ጀሪካን እየቀዳ የሚመላለሰው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ጀሪካኑን ከእኔ ስንት ጊዜ ተውሳለች። አየችኝ፣ ከዚያ ነጠላዋን አስተካከለች። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ቃል አልተናገረችም። ትናንትም ሽሮ አምጥታልኝ ሄደች። እንደ አንተው ናት። እናንተ ሰውን በማመን ነው የምትገድሉት።

እሑድ ድምፅ ተሰጠ። አሥራ አንዱ ይሸጥ አለ፣ አሥራ አንዱ መካኒኩን አምኖ ይጠገን አለ። የቀረው የእኔ እጅ ነበር። አስማረ የእኔን ስላወቀው እጄን ሳይጠብቅ «ይሸጥ» ብሎ መጻፍ ጀምሮ ነበር። ቀስ በል አልኩት። ይጠገን ብዬ እጄን አነሳሁ። ጥሩሐረግ ዘላ ተነሳች፤ «አንቺን ተከትለን እኮ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን! ምን ነካሽ?» አለችኝ። የታመመው ጉልበቴ ነው እንጂ ጭንቅላቴ አይደለም አልኳት። አስማረ የጻፈውን ሰረዘ። ሲሰርዝ ቁጭ ብዬ አየሁት፣ ደስ አለኝ።

ባለሙያው የሚመጣው ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው ሰኞ ነው። ና። ስለ እኔ ብለህ እንዳትመጣ፣ ለእኔ ያለህን አውቃለሁ፤ እኔም ለአንተ ያለኝን ታውቃለህ። የቀዮ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ ከአንተ በቀር የሚያውቅ ስለሌለ ና። ንብረት ሃያ ሦስት ሴት ደጅ እያስጠና ስለሚኖር ና። በእናታችን መቃብር ላይ ድንጋይ ያላኖረ ወንድ ልጇ አንተ ብቻ ስለሆንክ ና። የተዋረድከው በሰው ፊት ነውና የቀረውም በሰው ፊት ይሁን፤ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለም። አትመጣም ካልክ እኔ የምናገረውን እናገራለሁ፤ አንተ ግን ስትሰማው ከገብረ አምላክ አፍ ትሰማዋለህ፣ እሱም ግማሹን ይረሳዋል።

ከዚህ ወረቀት ጋር በጨርቅ የሰፋሁት ነገር አለ። ቁልፏ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤቴ ጣራ ሥር ሰክቻት ነበር፤ ዝጋለች፣ ግን ትሠራለች፣ ሞክሬያታለሁ። ሁለቱም ከእንግዲህ አንተ ጋ ይሁኑ።

ተከዜን በሰላም ያሻግርህ። መንገድህን ውኃ አይቁረጠው፣ ሽፍታም አይየው። የበላኸው ይስማማህ። ይህን የምመኝልህ ተቆጥቼ ነው፤ ቢሆንም ከልቤ ነው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ለምኜህ አላውቅም። ሰኞ ዕለት ሰው ሁሉ ወደ እኔ ሲዞር ተቀመጥ። በዚህኛው ስብሰባ ስለ እኔ እንዳትምል።

ታላቅ እህትህ፣
በገዛ እጇ