ባሮሎ ለአሥራ ሁለት ሰው

ማክሰኞ
አፌ ቀደመኝ። «ቅዳሜ ወይኑን እኔ ላቅርብ» አልኳቸው። ጣሊያናዊው አለቃዬ ሲኞር ሬንዞ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና «እሺ፣ ጥሩ» አሉ። ጥሩወርቅ ማለት ስለሚከብዳቸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ «ጥሩ» ነኝ። ካምደን ሰፈር ያለው ሬስቶራንታቸው ሳህን በማጠብ ገብቼ አስተናጋጅ ሆኛለሁ። ወይኑን ግን እስከ ዛሬ ከሳቸው በቀር የሚነካው አልነበረም። ቅዳሜ ምሳ ላይ አሥራ ሁለት ሰው ባሮሎ ሊቀምስ ይመጣል። ባሮሎ የሳቸው አገር የፒዬሞንቴ ቀይ ወይን ነው።
አልፈራሁም። አፍንጫዬን አውቀዋለሁ።

ረቡዕ
ልጄ ሳሮን ሶፋው ላይ ተጋድማ ፈተነችኝ።
«ማሚ፣ ከለሩ?»
ፈዘዝ ያለ። ከብርጭቆው ማዶ ጣትሽ ይታያል። ሲያረጅ ዳር ዳሩ ሸክላ ይመስላል።
«ስሜሉስ?»
ጽጌረዳ፣ የደረቀ ቼሪ፣ ሬንጅ።
«ሬንጅ ምንድን ነው?»
አስፋልት ሲያነጥፉ የሚሸተው አልኳት። «ኖ ዌይ» አለች።
ጣዕሙ ላይ ስኳር የሚባል ነገር የለም። እንዳልበሰለ ሙዝ አፍ ይይዛል፣ ሥጋ ሲበሉበት ይለቃል። ከሦስት ዓመት በላይ ሳይቆይ አይሸጥም። የሲኞር አባት በትልልቅ አሮጌ በርሜል ነበር የሚያስቀምጡት። በትንንሽ አዲስ በርሜል የሚሠራውን ሲኞር «የሳንቃ ጭማቂ» ይሉታል።

ሐሙስ
አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ሲኞር ምድር ቤት አንድ ጠርሙስ ከፍተው አሸተቱና «ምን ምን ይልሻል?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ሌላ ከፈቱ፣ አሁንም ጠየቁኝ። ፈተና መሰለኝ። ከሰዓት ግን ኩሽና ውስጥ አጠገባቸው ነጭ ሽንኩርት እያረረ ዞር እንኳ አላሉም። መጥበሻውን ከእሳቱ አነሳሁ። ክረምቱን ታመው ነበር። ጉንፋኑ አለቀቃቸው ይሆናል።

ቅዳሜ
መጀመሪያው አማረ። ባሮሎ የሚሠራበት የወይን ፍሬ ስሙን ያገኘው ከጉም ነው ይባላል፣ የሚለቀመውም ኮረብታው ጉም ሲለብስ ነው ብዬ ጀመርኩ። ወረቀት አላየሁም። ሰዎቹ ሰሙኝ።
ከዚያ ሲኞር ያቆዩትን አንድ አሮጌ ጠርሙስ ራሳቸው ከፈቱ። አሸተቱ። ዓይናቸውን ጨፍነው «ድንቅ ነው» አሉና ለኔ ጠብታ ቀዱልኝ።
እርጥብ ካርቶን ሸተተኝ። ውሃ የገባበት ምድር ቤት።
አሥራ ሁለት ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይጠብቃል። ብናገር ሰውዬውን ላዋርድ ነው። ዝም ብል ደግሞ የተበላሸ ወይን በገዛ እጄ ልቀዳ። ጠጋ ብዬ «ሲኞር፣ ይሄን አልቀዳም» አልኳቸው።
«የሸተተሽ ነገር አለ?» አሉ በቀስታ።
«አዎ። ቡሹ አበላሽቶታል።»
ፊታቸው ቀላ። የሚቆጡ መሰለኝ። ወደ እንግዶቹ ዞሩና «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ። ዛሬ እሷን ስሙ» አሉ። ጠርሙሱን ራሳቸው ወሰዱት። ሌላ አምጥተው ሳያሸቱ ለኔ ሰጡኝ።
እሱ ደህና ነበር። ደህና ሲባል ደግሞ... አንዲት ሴትዮ ብርጭቆዋን ማስቀመጥ አቃታት።

እሑድ
ከቤተ ክርስቲያን ገብቼ ነጠላዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጠራ። ሲኞር ሬንዞ። እሑድ ደውለውልኝ አያውቁም።
«ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም» አሉኝ። ሐኪሙ ሊመለስም ላይመለስም ይችላል ብሏቸዋል። ለሚስታቸው እንኳ አልነገሩም።
«እኔ አለሁ» አልኩ።
«ያ የመጨረሻው ወይን ምን ምን ይል ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ቀስ ብለሽ ንገሪኝ።»
አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። የብርቱካን ልጣጭ አልኳቸው። አዲስ የቆዳ ጫማ። ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ አፈር።
ትንፋሻቸው ይሰማኛል።
«ቀጥዪ» አሉኝ።