ድምፅሽን በሞንታርቦ የለቀቅኩ ዕለት

እማዬ፣

ከተለየሽን ወዲህ ሦስተኛው የበልግ ዝናብ ዛሬ ጠዋት ነገሌ ላይ ጣለ። እስከ ዛሬ አልጻፍኩልሽም። መቃብርሽ ዘንድ ስሄድ እንኳ የምናገረው ይጠፋኝና ሣሩን ነቃቅዬ እመለሳለሁ። አሁን የምጽፍልሽ ስለናፈቅሽኝ ነው፤ ከናፍቆቱ ይልቅ ግን እፍረቱ በርትቶብኝ ነው። ድሮም ሰው ፊት የማልናገረውን ላንቺ ነበር የምናገረው።

ቤቱ ደህና ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ ትደቅኝበት የነበረው የሳሎኑ ጥግ አሁን አያፈስም፤ አባባ ቆርቆሮውን አስቀየሩት። በራችን ላይ የባጃጅ ተራ ተቋቁሟል። ልጆቹ ጥሩምባ ባስጮሁ ቁጥር አባባ ወጥተው ይቆጧቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከእነሱው ጋር ቁጭ ብለው ዳማ ይጫወታሉ። ታናሿ ልጅሽ ትርሲት ወደራ ከተማ ተመድባ ታስተምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ለአባባ የሳምንት ወጥ ሠርታ ትመለሳለች፤ ጨው ታበዛለች፣ እሳቸውም አንድ ቀን ምንም ብለዋት አያውቁም።

በረቱ ባዶ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ላምሽ ዳለቻ ለማንም ወተት አልለቅ አለች። ትርሲት ሞከረች። ሠራተኛ ተቀጠረች። በመጨረሻ አባባ ራሳቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወረቀት እንጂ ጡት ጨብጠው የማያውቁት ሰውዬ፣ ጎንበስ ብለው ሞከሩ። ግቷ ተወጥሮ እያመማት እንኳ እንቢ አለች። ስለዚህ ለጎረቤታችን ለአዴ ዳርሚ ሰጧት። እሳቸው የቦረና ሴት ናቸው፣ ከብት ያውቃሉ። ወራት ፈጅተው፣ እያሹና እያባበሉ አለማመዷት። ይህንን የምነግርሽ በኋላ የሆነው እንዲገባሽ ነው።

ሥራዬን መቼም ወደሽልኝ አታውቂም። ልጅሽ ምን ይሠራል ሲሉሽ “ኮምፒውተር ነው” ብለሽ ወሬውን ታዞሪ ነበር። አዲስ አበባ ተቀምጬ የእንስሳት ድምፅ እንደምሰበስብ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በሚሉት ነገር አሠልጥኜ ማንም ጅብ ጮኾት የማያውቀውን ጩኸት እንደማስወጣ፣ ከዚያም ሰው ፊት ቁጭ ብዬ የጅቡን ከግመሉ፣ የግመሉን ከአህያው እያዋሃድኩ እንደማሰማ ስነግርሽ ብዙ ከሳቅሽ በኋላ፣ አጥራችን ድረስ በነጻ መጥቶ የሚጮኸውን ጅብ ለመስማት ሰው አዳራሽ ይገባል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። እንጀራዬ መሆኑን ስነግርሽ ደግሞ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” አልሽኝ። ተናድጄብሽ ነበር። አሁን ሳስበው ያስቀኛል።

ለእረፍት መጥቼ ዳለቻን ስታልቢ የቀዳሁሽን ታስታውሻለሽ? መቅጃውን አጥሩ ላይ አስሬ፣ ዝም እንድትይልኝ ለመንኩሽ፤ ላሚቱን ብቻ ነው የምፈልገው ብዬ። ካላናገርኳት አትሰጠኝም አልሽ። እውነትሽን ነበር። ዝም ባልሽባት ጊዜ ዞር ብላ አየችሽ፣ ወተቱም ቆመ። እንደገና ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ማውራት ስትጀምሪ ወረደልሽ። ስለ ጎረቤት ሠርግ፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ እኔ አለማግባት ስትነግሪያት ትሰማሽ ነበር። እኔ አዲስ አበባ ተመልሼ ከዚያ ቅጂ ላይ ያንቺን ድምፅ በፕሮግራም ለይቼ አወጣሁትና የዳለቻን ትንፋሽ ብቻ አስቀረሁ። ያንቺን ቆሻሻ ብዬ ነው የለየሁት፤ በሙያችን የማይፈለግ ድምፅ እንዲያ ነው የሚባለው።

ከዚያ ታመምሽ። ሐኪሙ ሐዋሳ ወርዳችሁ ታዩ ሲል ዳለቻ ቀኗ ደርሶ ነበር፤ አንቺም ሳትወልድ የትም አልሄድም አልሽ። አባባ እሺ አሉሽ። መቼ እንቢ ብለውሽ ያውቃሉ? ዳለቻ በሰላም ወለደች፣ እናንተም ሐዋሳ ሄዳችሁ፣ ግን ዘገየ። በአርባሽ ማግስት እኔ ጓዳ ውስጥ ለትርሲት፣ “ለአንዲት ላም ብለው እናቴን ገደሏት” አልኳት። አባባ ሳሎን ተቀምጠው ነበር። እንዲሰሙ ብዬ ነው የተናገርኩት። ሰሙም። ከዚያ ወዲህ በስልክ ደህና ነዎት፣ ደህና ነኝ፣ ዝናብ ጣለ፣ አልጣለም ከመባባል አላለፍንም። ያኔ በለቅሶው ሰሞን ደግሞ ድምፅሽ ያለበት ነገር እንዳለኝ ጠይቀውኝ ነበር። የለኝም አልኩ። የሌለኝ መስሎኝ ነው፤ በዚያ አልዋሸሁም።

የዋሸሁት ሳገኘው ነው። አንድ ቀን አሮጌ ሥራዎቼን ሳገላብጥ ያ ቆሻሻ ያልኩት ድምፅሽ እንዳለ ተቀምጦ አገኘሁት። አለቀስኩ። ወዲያው ለአባባ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም፤ ምክንያቱም እንባዬ ሳይደርቅ ሥራ ሆኖ ታየኝ። ማሽኑን በድምፅሽ አሠለጠንኩት። የጻፍኩለትን ሁሉ በአንቺ ለዛ የሚናገር ሆነ፤ ያቺ ዐረፍተ ነገር ሳትጨርሺ ትንፋሽ የምትስቢባት ነገር እንኳ አልቀረችም።

ባለፈው በጋ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ነገሌ መጥተን እንድናቀርብ ተጋበዝን። አዳራሹ ዋናው መንገድ ዳር ያለው ነው። ሰዓቱን የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ አመሻሽ ላይ፣ በሩ ተከፍቶ፣ የከተማው ድምፅ እየገባ እንዲሆን ፈለግኩ። ነገሌ ተወልዶ ያደገ ሰው በዚያ ሰዓት በዚያ መንገድ ከብት እንደሚገባ እንዴት ይረሳል? ረሳሁት። አባባ ያንን ቡናማ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ምን እንደማሰማ አልነገርኳቸውም። ደስ ይላቸዋል ብዬ እንደነበር ስነግርሽ አፈር ልብላ ያሰኘኛል።

በጅብና በግመል ጀመርን። ከዚያ ማሽኑ የፈጠረውን የጥጃ ድምፅ ለቀቅኩ፣ በላዩ ላይ ያንቺን። ዳለቻን በስሟ ጠራሻት። ብዙ ሳይቆይ በሩ ላይ ትርምስ ሆነና ከመንጋው ተነጥላ ዳለቻ ገባች፤ እምቧ እያለች፣ ወተቷ በራሱ እየፈሰሰ ሲሚንቶው ላይ እየተንጠባጠበ። ሰው የትርኢቱ አካል መሰለውና አጨበጨበ። እንግዶቹ ስልካቸውን አውጥተው ቀረጹ። ቀጣዩ ዐረፍተ ነገር እኔው የጻፍኩት ነበር፤ አንቺ በየቀኑ ለአባባ የምትይው፣ በቅጂው ላይ ግን የሌለ። “ጋሼ፣ ና ጥጃውን ያዝልኝ።”

አባባ “ወይ” አሉ። ተነሥተው ድምፅሽ ወደሚወጣበት ሞንታርቦ ሄዱ። ላሚቱን በአንድ እጃቸው ገፋ አድርገው አለፉና፣ ጥጃው ያለ ይመስል ጎንበስ ብለው ፈለጉ። ጭብጨባው በረታ። እማዬ፣ እጄ ሚክሰሩ ላይ ነበር፤ ዝቅ ማድረግ እችል ነበር። ከፍ አደረግኩት።

ያስቆመን የአዴ ዳርሚ ድምፅ ነው። ላማቸውን ሊመልሱ በትራቸውን ይዘው ገብተው፣ አንቺን ሲሰሙ ደርቀው ቀሩ። ከዚያ “ሰፉ” አሉ። አንቺም ከኦሮምኛው ወስደሽ ልጅ ነውር ሲሠራ የምትይው ቃል ነው። “ሰፉ፣ ልጄ። የሞተ ሰው ከብት አይጠራም” አሉኝ፣ ሳይቆጡ። አባባን በክንዳቸው ደግፈው፣ ዳለቻን እየነዱ ወጡ። ያኔ ነው ያጠፋሁት።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ቤታቸው ሄድኩ። አካም፣ ናጋ ብለው ተቀበሉኝ፣ ወንበርም ሰጡኝ። ዳለቻ ግን ከዚያ ምሽት ጀምሮ ወተቷን ይዛ አዳራሹ ወዳለበት አቅጣጫ እያየች ትጮኻለች። የስንት ወር ድካማቸውን በአንድ ምሽት አፈረስኩባቸው። እዚያ ቁጭ ብዬ የድሮዋ ላማችን የቡሬ ጥጃ የሞተ ጊዜ ያደረግሽው ትዝ አለኝ። ሰዉ ሁሉ እንደ ልማዱ ቆዳውን ገፍፈሽ ጭድ ሙይበትና አጠገቧ አቁሚው፣ እየላሰች ትታለባለች ሲልሽ እንቢ አልሽ። ሌሎችን አልነቀፍሽም፤ የልጆቹ ወተት ከየት ይመጣል፣ ሲቸግር ነው አልሽ። እኔ ግን አልቸገረኝም፣ አላታልላትም ብለሽ ቡሬ እስክትደርቅ ወተት ከጎረቤት አስመጣሽ። እኔም አልቸገረኝም ነበር እማዬ።

አባባ ስለ ትርኢቱ አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልመለስ ስል፣ ከምሳ በኋላ፣ ማሽኑ አንቺን ያላልሽውንም ያስብልሽ እንደሆነ ጠየቁኝ። የተጻፈለትን ሁሉ ይላል አልኳቸው። “እንግዲያው ‘ጋሼ፣ አልተቀየምኩህም’ ትበለኝ” አሉ፤ አላዩኝም።

እንቢ ማለት ነበረብኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ከሰዓቱን ሙሉ ስሠራው ዋልኩ። አንዱ የቸኮለ፣ አንዱ የተቆጣ ይመስላል፤ ጣልኳቸው። በመጨረሻ የወጣው ግን አንቺው ነሽ፤ ስትታረቂ ድምፅሽ ዝቅ እንደሚለው። ሲያምርልኝ ደስ አለኝ፤ ይህንንም አልደብቅሽም። አባባን ጠርቼ አሰማኋቸው።

ቆባቸውን አውልቀው ሰሙ። እንድደግመው አልጠየቁኝም። “ድምፁ ቁርጥ እሷ ነው” አሉ። ቀጥለው፣ “እሷማ ነግራኛለች። ሐዋሳ ተኝታ፣ አንተ ገና መንገድ ላይ ሳለህ፣ እጄን ይዛ ነግራኛለች። ያልነገርከኝ አንተ ነህ። በእሷ አፍም ቢሆን ካንተ ልስማው ብዬ ነው” አሉኝ።

እማዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የጅብና የግመል ድምፅ ሳስተካክል የኖርኩ ሰውዬ፣ ለአባቴ የምትሆነውን አንዲት ቃል ለማሽን ትቻት ነበር። ላፕቶፑን ከደንኩት። አጎንብሼ፣ “አባባ፣ እርስዎ አልገደሏትም። አልተቀየምኩዎትም። እርስዎ ይቅር ይበሉኝ” አልኩ፤ ለራሴም በቅጡ ሳይሰማኝ።

“አልሰማሁህም” አሉ። “ያኔ ጓዳ ሆነህ እንኳ ተሰምቶኛል። ጮክ በል።”

ጮክ ብዬ ደገምኩት። ድምፄ ተሰነጠቀ፣ ውጭ ያሉት የባጃጅ ልጆችም ሳይሰሙኝ አልቀሩም። አባባ ቆባቸውን መልሰው አደረጉ፤ ፊታቸውን በመዳፋቸው ጠረጉና፣ ራት ሳትበላ እንዳትተኛ ብለውኝ ተነሡ።

በአንቺ ድምፅ ያሠለጠንኩትን በማግስቱ ደመሰስኩት። አባባ የጠየቁኝ አልነበረም፤ እጄን ስለማላምነው ነው። ከእንግዲህ ልጅ ብወልድ ስለ አንቺ በገዛ ድምፄ እነግረዋለሁ። ያልሽውን አልሽው እላለሁ፤ የረሳሁትን ረሳሁት እላለሁ፣ አባባንም እጠይቃለሁ። አልረሳሽም እማዬ። ያላልሽውን ግን ዳግመኛ አላስብልሽም።

ልጅሽ