ሦስት ሽማግሌ፣ ስድስት ቲኬት

ማክሰኞ

የሚሄዱት ሦስት ሰዎች፣ ጌታሁን የገዛው ስድስት ቲኬት። መጀመሪያ ስልኩ አብዶ ሁለት ሁለት ጊዜ የላከልኝ መስሎኝ ነበር። አይደለም። ለእያንዳንዱ ሽማግሌ አንድ እነሱ ከሚኖሩበት ከአሌክሳንድሪያ ባልቲሞር፣ አንድ ደግሞ ከባልቲሞር ፊላደልፊያ። ከፋፍለው ሲገዙት ይረክሳል ይላል። ባቡርን እንደ ቅርጫ መደብ መደብ አድርጎ የሚሸጥ ዌብሳይት አገኘሁ ብሎ ደረቱን ነፍቶ ሶፋዬ ላይ ተቀምጧል። ዌብሳይቱ የባቡሩ ድርጅት እንኳ አይደለም፣ መሃል የገባ ደላላ ነው። እኔ አሜሪካ ስመጣ የደላላ ነገር አገር ቤት የቀረ መስሎኝ ነበር። ለካ ስልክ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ጌታሁን የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው። የማያውቀው ነገር የለም። የትኛው ጋዝ ስቴሽን በሦስት ሳንቲም እንደሚቀንስ ያውቃል፣ ለዚያች ሦስት ሳንቲም ከሲልቨር ስፕሪንግ ዊተን ድረስ ይነዳል። አሁን ደግሞ በልጄ ሽምግልና ላይ ርካሽ አገኘሁ ይለኛል።

ቀልድ አይደለም እኮ። ባለፈው ወር ሽማግሌዎቹ በጌታሁን መኪና ፊላደልፊያ ሄደው ሀይዌይ ላይ መንገድ ተዘጋባቸውና አንድ ሰዓት አርፍደው ደረሱ። ልጄ ሊያገባት የሚፈልጋት የሊዲያ አባት አቶ ወርቁ እምቢ አላሉም፣ ግን ሰዓት የማያከብር ቤተሰብ ልጄንም አያከብርም ብለው መለሷቸው። አንድ ዕድል ሰጡን፣ ቅዳሜ በስምንት ሰዓት። በማግስቱ እሁድ ወደ አዲስ አበባ ይበራሉ፣ ከፋሲካ በፊት አይመለሱም። ሊዲያ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። ልጄ ናቲ ከሲታ ሆኗል። ሰውየውም ሰውዬ ናቸው፣ በር ላይ የሰዓት መቆጣጠሪያ የሚያቆሙ ይመስለኛል።

ረቡዕ

ኢሜይሉን ከፈትኩት። ከላይ አረንጓዴ ብጥስጣሽ ወረቀት ይዘንባል፣ እንኳን ደስ ያለዎት፣ ቆጥበዋል ይላል። ልጄን የዳርኩ መሰለኝ። ታች በጥቃቅን ፊደል ሰርቪስ ፊ የሚል የአገልግሎት ክፍያ አለ። ስለቆጠብን የምንከፍለው መሆኑ ነው። የተረፈችው ለአንድ ኪሎ ሥጋ አትበቃም።

ደግሞ ቀሲስ ኤፍሬምን «ቀሲስ» የመጀመሪያ ስም፣ «ኤፍሬም» የአባት ስም አድርጎ ሞልቷቸዋል። መታወቂያ ቢጠየቁ ምን ሊሉ ነው።

እንቅልፍ የሚነሱኝ ሽማግሌዎቼ፦

ጋሽ ታደሰ። አፈ ጉባኤው እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ዓይናቸውን ከታከሙ ወዲህ አይነዱም። ንግግራቸው ያምራል፣ ማቆሚያ ግን የለውም።

ቀሲስ ኤፍሬም። ሕግ አክባሪ። መኪና ባይኖር እንኳ መብራቱ ካልፈቀደላቸው መንገድ አይሻገሩም።

ጋሽ በቀለ። ቁጥር እንዲሞላ ነው የጨመርናቸው። ሲናገሩ የሰማ የለም፣ ሲተኙ ያላየ የለም። ቅዳሴ ላይ ቆመው ይተኛሉ። ከሦስቱ እሳቸውን ብቀይር ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁን ግን ነውር ነው።

ሐሙስ

ከምሳ በኋላ የካፌቴሪያውን ድስት አጥቤ ስጨርስ የትምህርት ቤቱ ቢሮ ያለችውን ልጅ ለምኜ ስድስቱንም ፕሪንት አስደረግሁ። ሽማግሌ ስልክ ላይ ያለ ቲኬት ሲፈልግ ባቡሩም ባለቤቱም ይሄዳሉ። ሦስት ፖስታ ገዛሁ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ከተትኩ፣ በላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል በአማርኛ ጻፍኩበት። የሊዲያን ቤት አድራሻም በእንግሊዝኛ ጨመርኩ። ከጌታሁን ጭንቅላት ይልቅ የኔ ፖስታ ይታመናል።

ማታ ደወለ። እትዬ፣ ባቡሩ እኮ ብሎ ጀመረ። ስለ ባቡርህ በቃኝ፣ ሁሉንም አሳምሬ ጨርሻለሁ ብዬ ዘጋሁበት። ደስ አለኝ። በስንት ዓመቱ አንድ ጊዜ ሳያስተምረኝ ዋለ።

ዓርብ

ከሥራ በኋላ በሜትሮ አሌክሳንድሪያ ሄጄ ፖስታዎቹን አደልኩ። ቀሲስ ሦስት ጊዜ አነበቡት። ጋሽ ታደሰ የቅዳሜውን ንግግር ከመግቢያው ጀምረው አሰሙኝ። ጋሽ በቀለ ፖስታውን ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱ። ሻይ ሳይቀርብ ተኝተዋል።

ቅዳሜ

ሦስት ሰዓት ተኩል። ጌታሁን አሳፈራቸው። ፎቶ ላከልኝ፣ ሦስቱም በሱፍ፣ የቀሲስ ጥምጥም እንደ በረዶ ነጭ። እግዚአብሔር ይመስገን።

አምስት ሰዓት አለፍ ሲል። ጋሽ ታደሰ ደወሉ። ባልቲሞር ነን፣ ባቡር የለም አሉኝ። ምን ማለትዎ ነው አልኳቸው።

«ወረቀቱ ውረዱ አለ፣ ወረድን። ሁለተኛውን ቲኬት ለዩኒፎርም ለባሹ አሳየነው። ይሄ ባቡር አሁን የወረዳችሁበት ነው፣ ያው ሄደ አለን።»

ቁጭ አልኩ። አንድ ባቡር። አንድ ወንበር። ከወንበራቸው መነሳት አልነበረባቸውም። ቲኬቱ ነው እንጂ የተቆረጠው ባቡሩ አልተቆረጠም። ጋሽ በቀለስ አልኩ። ቀሰቀስናቸው፣ እሺ ብለው መልሰው ተኙ፣ በሩ ተዘጋ አሉኝ።

ጌታሁን ጋ ደወልኩ። ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ነገ ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። እንዳይወርዱ አልነገርኩሽም እንዴ እትዬ አለ። አልነገርከኝም አልኩት።

ከዚያ ደላላው። ስልክ የለውም፣ ቻት ብቻ። ሰላም እኔ ረዳትዎ ነኝ ይላል፣ ስም ሁሉ አለው፣ ፈገግ ያለች ፊት አለችው። ስለ ሪፈንድ፣ ገንዘባችንን እንዲመልስ ጻፍኩ። ሁለቱ ቲኬቶች ሁለት የተለያዩ ጉዞዎች ስለሆኑ ለሁለተኛው ኃላፊነት አንወስድም አለኝ። ሲሸጡልን አንድ መንገድ ነበር፣ ስንቸገር ሁለት ሆነ። ሌላ የምረዳዎት አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እስካሁን የረዳኝ ነገር ያለ ይመስል።

የሚቀጥለው ባቡር ሞልቷል። ከሱ ቀጥሎ ያለውን እነ ጋሽ ታደሰ ከቲኬት መሸጫው መስኮት በሙሉ ዋጋ ገዙ። ፊላደልፊያ ቤቱ የሚደርሱት አሥር ሰዓት ነው። አቶ ወርቁ ያሉት ስምንት።

ስምንት ሰዓት። ናቲ ደወለ። ሊዲያ ቴክስት አድርጋለታለች፦ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን መጥተው በረንዳው ላይ ቆመዋል፣ ግቡ ቢባሉም አልገባም አሉ። እናቴ፣ እኚያ ሰውዬ ደህና ናቸው ወይ ይለኛል።

በቃ። ከሁሉም የሚተኙትን ላክን።

ዘጠኝ ተኩል። ያልቆሸሸ ቤት ሁለት ጊዜ ጠረግሁ።

እሁድ

ሰጡን።

ትናንት ከዚያ በኋላ መጻፍ አልቻልኩም። ሊዲያ በመስኮት ሆና ያየችውንና የሰማችውን ለናቲ፣ ናቲ ለኔ እንደነገረኝ ልጻፈው።

ጋሽ በቀለ ፊላደልፊያ ሊደርሱ ሲሉ ነው የነቁት። ቲኬት ተቆጣጣሪው ከባልቲሞር በኋላ ቀስቅሷቸው ነበር፣ ፖስታውን እንዳለ ሰጡት፣ መርምሮ መለሰላቸው፣ ተኙ። ሲወርዱ ብቻቸውን ናቸው። ፖስታውን ለታክሲ ሰጡ። ስምንት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው በሩን አንኳኩ። አቶ ወርቁ ከፍተው ሌሎቹስ አሉ።

«እየመጡ ነው። እኔ ሦስተኛው ነኝ። ሁለቱ ሳይመጡ አንደኛ ልሆን አልችልም፣ እዚሁ እቆማለሁ።»

ወንበር ወጣላቸው፣ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም ብለው እምቢ አሉ። ውኃ እንኳ አልጠጡም። አቶ ወርቁ በሩን ዘግተው ገቡ። መጋረጃውን እየገለጡ ያያሉ፣ ሰዓታቸውን ያያሉ፣ እንደገና ያያሉ። ጋሽ በቀለ ከቆሙ አንድ ሰዓት ሲሞላቸው አቶ ወርቁ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡና አጠገባቸው ቆሙ። አይደክምዎትም ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ በቀለ ሃያ ሁለት ዓመት ፓርኪንግ ነው የሠራሁት፣ መቆም ለምጃለሁ አሉ። አቶ ወርቁም ለካ እዚያው ፊላደልፊያ የፓርኪንግ ሠራተኛ ነበሩ። እኛ የምናውቃቸው በከረባት ነው። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ብርድ ክረምት ስለሚቀዘቅዝ የፓርኪንግ ጎጆ፣ ስለማይሠራ ሂተር፣ ቁልፍ ጥሎ ስለሚጠፋ ደንበኛ ሲያወሩ ቆሙ። ሊዲያ አባቴ እንደዚያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም ብላለች።

እነ ጋሽ ታደሰ እያለከለኩ ሲደርሱ አቶ ወርቁ የመግቢያውን ንግግር በእጃቸው አቆሙት።

«ሁለት ሰዓት ሙሉ ደጄ ላይ ለቆሙት ሰው ሰጥቻለሁ። እናንተ ምስክር ሁኑና ግቡ።»

ጋሽ ታደሰ ንግግሩ ስለቀረባቸው እስካሁን አኩርፈዋል።

ከቅዳሴ መልስ ጌታሁን መጣ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ነግሬሻለሁ ብዬ ነበር፣ ሳስበው ግን አልነገርኩሽም፣ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የወንድሜን ልጅ ነገር ላበላሽ ነበር አለ። ዓይኑ ቀልቷል። እኔም እንደ ንግሥት ሆኜ ይቅር አልኩት። ለወደፊቱ ግን ርካሽ ርካሽ ማለቱን ተወው ብዬ መከርኩት።

ሰኞ

ከሥራ በኋላ ዳቦ ይዤ ጋሽ በቀለን ላመሰግን ሄድኩ። ነቅተው አገኘኋቸው። ፖስታውን ከኪሳቸው አውጥተው መለሱልኝ።

«መነጽሬን ቤት ረስቼው ነበር። ምን ብለሽ ነበር የጻፍሽው?»

አነበብኩላቸው። የገዛ እጄ ጽሑፍ፣ በትልልቁ፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት፦ ይህ ቲኬት ባልቲሞር ላይ ያበቃል፣ ባልቲሞር ላይ ይውረዱ፣ ከዚያ ሁለተኛውን ቲኬት ያውጡ።

 ወረቀቱ ውረዱ አለ ያሉት ጋሽ ታደሰ ለካ የኔን ፖስታ ነው። ቀሲስ የታዘዙት እኔን ነው። ሐሙስ ማታ ጌታሁን የደወለውም ይህንኑ ሊነግረኝ ነበር፣ እኔ ዘጋሁበት። ጋሽ በቀለ ዳቦውን እየቆረሱ እንኳን አላነበብኩት አሉ፣ በጣም ቀስ ብለው።

ሜትሮ ውስጥ ሆኜ ጌታሁን ጋ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኩት።  ሁለት ሌሊት አልተኛሁም እኮ እትዬ አለኝ። አውቃለሁ፣ አሁን ተኛ አልኩት። ከዚያ ሳቀ፣ ስቆ ስቆ አመመው። ለሠርጉ ፊላደልፊያ ስንሄድ ቲኬቱን አንተ ግዛ ብዬዋለሁ። ሙሉውን፣ ሳይቆረጥ።

ቤት ስገባ ደላላው ኢሜይል ልኳል። ጉዞዎ እንዴት ነበር፣ ኮከብ ይስጡን ይላል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን አሁን አውቃለሁ። ቢሆንም አንድ ነው የሰጠሁት።