አያቴ የታሰረበት ጉዳይ

ታኅ. 5/74፣ ሰኞ ጠዋት

ዛሬም ሻዬ ያለ ስኳር ቀረበ። እትዬ ከቀበሌ የመጣውን ስኳር በሙሉ ለልጇ ለሰብለ ሠርግ ቆልፋበታለች። እኔ የሙሽሪት አጎት በመራራ ሻይ እያለቅሁ ነው። አንቺ ማስታወሻ፣ ምስክሬ ነሽ።

ሠርጉ ካለ ነው እንግዲህ። የሙሽራው አያት አቶ ጥላዬ ሠርጉን ከለከሉ፤ ትናንት ለልመና የላክናቸውን ሽማግሌዎችም አሳፍረው መለሱ። የእኔና የእትዬ አያት ሰው ገድሎ እስር ቤት የሞተ ነው፤ የልጅ ልጄን ከነፍሰ ገዳይ ዘር አላጋባም ብለዋል። በቤታችን ስለ አያታችን ተወርቶ አያውቅም። ሰብለ እህል አልቀመሰችም። ቀሚሱ ሊሰፋሽ ነው ብላት እንኳ አልሳቀችም።

እሺ። ዕድሜዬን ልደታ ኖሬ ፍ/ቤቱን የማውቀው በአጥሩ ነው። ነገ ገብቼ የአያቴን መዝገብ እፈልጋለሁ።

ታኅ. 7፣ ረቡዕ

መዝገብ ቤት ሁለተኛ ቀኔ። አቧራ። ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት በመጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ የድሮ ጸሐፊዎች ጽሑፍ ግን ዶሮ የጫረችው ይመስላል። መዝገብ ያዧ ምን ልርዳዎት አለችኝ። ነፍሰ ገዳይ ፈልጌ ነው፣ ዘመዴ ነው አልኳት። ወንበሯን ራቅ አደረገች።

በግድያ ከተከሰሱት መሃል የአያቴ ስም የለም። ደግሜ አየሁ። የለም።

ሰብለ እዚህ መመላለሴን ለእጮኛዋ ለዳዊት ነግራዋለች። እሱም ለአያቱ። ይወቁ።

ታኅ. 9፣ ዓርብ

ተገኘ። አያቴ ተከሳሽ አልነበረም፤ ዋስ ነበር። ከተከሳሾች መሃል ያጣሁት ለዚህ ነው። የእስር ቤቱ መዝገብ፣ ዋስ የሆነለትን ሰው እስኪያቀርብ ይታሰር ይላል። ገዳዩ እንደጠፋ ቀረ። አያቴ እዚያው ሞተ።

የጠፋው ሰው ወርቁ ዘነበ ይባላል። ስሙን አውቀዋለሁ። ልጆቹ ዘመድ እንዳይሆኑ ሰባት ቤት ስንቆጥር አቶ ጥላዬ በአፋቸው ነግረውናል፤ ጥላዬ፣ ወርቁ፣ ዘነበ። አገሩም ያው። አባታቸው ነው።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ሽማግሌ ሰብስቤ ሳነበው ታየኝ። ቀጥሎ አያቴ ሰውየውን እየጠበቀ በር በሩን ሲያይ ታየኝ። ሳቁ ጠፋ።

ለሰብለ ብቻ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ሰው ፊት ካዋረድካቸው ዳዊትም አይመለስልኝም።»

«ዝም ልበል?»

«ዝምማ አትበል። እንዴት ዝም ትላለህ?»

ታኅ. 10፣ ቅዳሜ

ወሰንኩ። ከሰዓት ጌጃ ሰፈር፣ አቶ ጥላዬ ቤት፣ ብቻዬን። ቀልድ የለም። ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ ለሰብለ ምርቃት፤ ለእትዬ ደግሞ አያቷ ገዳይ እንዳልነበረ በራሳቸው አንደበት እንዲነግሯት። እምቢ ካሉ መዝገቡን ሽማግሌ ፊት አነበዋለሁ። ሰብለ ትቆጣኝ።

በር ተንኳኳ። እትዬ ከፈተች።

አቶ ጥላዬ ናቸው። ብቻቸውን። እዚህ ተቀምጬ ይታዩኛል፤ ጫንቃቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው ደጃፉ ላይ አጎንብሰዋል። እትዬ ምን በድለውን ነው ትለኛለች። እሳቸው ይንገሩሽ አልኳት። ልነሳና ድንጋዩን ላውርድላቸው።