ለግዛው የመረጥሁት ከመነዳሪ

ይድረስ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ለሚኖረው ለታናሽ ወንድሜ ለግዛው፣

ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? ውኃው ያሳበጠው ጉልበትህስ ተሻለው ወይስ አሁንም ሲመሽ ይቆረጥምሃል? ባለቤትህ ወርቅዬ እንዴት ናት? ልጆቹ ላቀውና ዓለሚቱ እንዴት ናቸው? አማትህ እማማ ገበያነሽስ ዓይናቸውን ቀለል አላቸው? ሁላችሁንም አምላክ በጤና ያቆይልኝ። እኔ ከደም ግፊቴ በቀር አካሌ ደህና ነው። ልቤ ግን ከዚያ ከገና ጾም ቅዳሜ ወዲህ ደህና አይደለም። ይህን ደብዳቤ ልጀምር ወረቀት እያወጣሁ ስመልስ ነው ጥር የገባው።

በሌላ ጊዜ ስጽፍልህ አስቀድሜ ያንተን ደብዳቤ ነበር የማርመው። ሐይቅ በሐመሩ ሐ ነው፣ አራት ነጥብ ረሳህ፣ ፊደልህ መስመር ለቀቀ እያልሁ፣ የልጆች አባት ከሆንህም በኋላ አልተውሁህም። እናታችን ስትሞት ያሳደግሁህ እኔ ነኝና፣ ከፈረንጅ መነኮሳይያት በአለንጋ የተማርሁት ሥርዓት ለሰው ሁሉ የሚበቃ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ማንንም የማርምበት ፊት የለኝም።

ያን ቀን ለምን እንደ መጣህ አውቅ ነበር። የጭነት መኪና ሾፌሩ አባይነህ መልእክትህን አስቀድሞ አድርሶኛል። ዓሣ ስታጠምድ ነፍተህ የምትቀመጥበት የመኪና ከመነዳሪ ጠቦሃል፤ ከትንሽ መኪና ጎማ ውስጥ የወጣ ላስቲክ ስለ ሆነ መረቡ ሲከብድ ውኃው እስከ ደረትህ ይመጣል፤ ሰፋ ያለ አብረን እንድንመርጥ ፈልገሃል። «የእትዬ ዓይን አይሳሳትም» ማለትህንም ነግሮኛል። በዚህ ቃል ደስ ብሎኝ ሰንብቼ ነበር።

ስትመጣ ግን ቤቴ ባዶ አልነበረም። ጎረቤቴ ወይዘሮ ተሾመችና ሌሎች የሴቶች ማኅበር አባላት ተሰብስበው ተቀምጠዋል። በሩም ክፍት ነው። አሮጌውን ከመነዳሪ ልኩን ልታሳየኝ በትከሻህ አንግበህ፣ ዓሣ የያዘ እርጥብ ማዳበሪያ አንጠልጥለህ፣ ሱሪህን እስከ ጉልበትህ ጠቅልለህ ደጃፌ ላይ ቆምህ። እኔ ደግሞ ለተሾመች ወንድሜ ዝዋይ የዓሣ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው ብያታለሁ። የተናገርሁት አንድ ቀን ነበር፤ ከዚያ በኋላ መመለሱ እያሳፈረኝ ቢሮ ሰጠሁህ፣ ጸሐፊም ቀጠርሁልህ።

ተሾመች ይህ ሰውዬ ማን ነው ስትለኝ፣ ምላሴ «ዓሣ አዟሪ ነው መሰለኝ» አለ። በምላሴ ማሳበብ አያምርብኝም፤ ያልሁት እኔ ነኝ። አንተም ሰምተሃል። እትዬ ልትል የከፈትኸውን አፍህን ገጥመህ፣ «ዓሣ አለ፣ እሜቴ» አልህ።

ተሾመች ወጥታ ማዳበሪያውን ፈታች። ዓይኑ ደፍርሷል፣ ሰንብቷል እያለች ዋጋ ልትሰብር ጀመረች። አንተም ጎሕ ሲቀድ የወጣ ቆሮሶ ዓሣ ነው ብለህ፣ ዕድሜህን ሁሉ ዓሣ ስታዞር እንደ ኖርህ ሆነህ ተከራከርሃት። እሜቴ ማለት ከድሮው ሥርዓት ጋር ቀርቷል፣ ጓድ በል ብላ ስታርምህ፣ «እሺ፣ ጓድ እሜቴ» አልሃትና ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግዛው፣ አብሬ ሳቅሁ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረህ «ለእርስዎስ፣ እሜቴ?» አልኸኝ። እኔም «ለእኔ አያስፈልገኝም» አልሁህ። ከመነዳሪህን መልሰህ አንግበህ ወደ አስፋልቱ ስትወጣ በመስኮት አየሁህ። ውኃ እንኳን ሳትጠጣ ነው የሄድኸው። ዓሣውን ለማን ብለህ እንዳመጣኸው አሁን ገባኝ ብዬ አልዋሽህም፤ ያን ጊዜም ገብቶኝ ነበር።

በዚህ ሰሞን አባይነህ ሽንኩርት ሊያራግፍ መጥቶ ሳለ ቤቴ ጎራ አለ። በዚያው በጠባቡ ከመነዳሪ እየገባህ እንደ ሆነ፣ የከሰዓት በኋላው ነፋስ ገልብጦህ እግርህ በመረቡ እንደ ተተበተበ፣ ወርቅዬ ከዳር ቆማ እየጮኸች ጓደኞችህ ጎትተው እንዳወጡህ ነገረኝ። ለእኔ እንዳይናገር አስምለኸዋል አሉ። እሱም መሐላዬን ያፈረስሁት ላስለቅስዎት ብዬ አይደለም፣ ከመነዳሪው እስካሁን ስላልተገዛ ነው አለኝ። ይህ ገና የጥር ነፋስ ነው። የመጋቢቱ ምን እንደሚመስል ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

በማግስቱ ከነዳጅ ማደያው ጀርባ ጎማ ወደሚጠግነው ወደ ዑስማን ሄድሁ። ሰፊ ከመነዳሪ አለህ ወይ ስለው፣ ለማን ነው እማማ አለኝ። ለአንድ ሰው ነው አልሁት። ለአንድ ሰው ከሆነ ይኸው ብሎ፣ ጎማው የሳሳ፣ ዙሪያውን የተለጣጠፈ አመጣልኝ። ምን ሊያደርግበት ነው ብሎ ደግሞ ሲጠይቀኝ፣ ልጆች ሊዋኙበት ነው የሚል መልስ አፌ ላይ ተሰናድቶ አገኘሁት። አላፊ አግዳሚው እየሰማ እንደገና ልክድህ ነበር ማለት ነው። «የወንድሜ ነው» አልሁት። «ዓሣ አጥማጅ ነው። ነፍሱን የሚያስቀምጥበት ነው።» ዑስማን ያመጣውን መልሶ ወረወረውና ታዲያ እንዲህ አይሉኝም ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

ከውስጥ ሁለት አወጣ፤ አንዱ የትራክተር፣ አንዱ የከባድ መኪና ነው። ሁለቱንም አስነፋሁ። ጠፍር ወጥረህ የምትቀመጥበት መካከሉ ስለ ሆነ ያንተን የሚያህል ሰውነት አስፈለገኝና የማደያውን ዘበኛ ሮበሌን ለመንሁት። ትከሻውም ዳሌውም ያንተን ይመስላል። በትራክተሩ ላይ ሲቀመጥ መሐሉ ሰፊ ነውና ወደ ውስጥ ሰመጠ፤ ሁለት እግሩ ወደ ሰማይ ቀረ። እማማ፣ ሚስቴ በዚህ እንዳታልፍ ብቻ ይጸልዩልኝ እያለ በግድ ጎትተን አነሣነው። በከባድ መኪናው ግን ልክ ሆነ፤ በግራም በቀኝም በዳሌውና በጎማው መካከል መዳፌ ገባ። ውፍረቱም ከአሮጌው እጥፍ ይሆናል፤ ከነመረብህ ከፍ አድርጎ ይይዝሃል። በግማሽ በርሜል ውኃ ውስጥ ዙሪያውን እያዞርን አረፋ ፈለግንበት። መጋጠሚያውን በጣቴ ስዳስስ፣ የንፋስ መግቢያውን ስፈትሽ፣ እንደገና አዙር ስል፣ ዑስማን ሚስቴን ሲድሩልኝ እንኳን ይህን ያህል አልተመረመርሁም አለ።

ንፋሱን ይዞ ማደሩን ላይ ስለ ፈለግሁ እንደ ተነፋ ወደ ቤት ወሰድሁት። ሮበሌ ልሸከምልዎ ሲለኝ እምቢ አልሁ። በአስፋልቱ ዳር እያንከባለልሁ ሄድሁ። ጎማ የሚያንከባልሉ ልጆችን በዚሁ መንገድ ስገሥጽ የሚያውቁኝ ሁሉ ቆመው ተመለከቱኝ።

ተሾመች ደጇ ላይ ነበረች። ይህ ምን ጉድ ነው አለችኝ። የወንድሜ ነው አልኋት፤ ኃላፊ አይደለም፣ ቢሮም የለውም፣ ያን ቀን ዓሣ የገዛሽው ከእሱ ነው። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። «ከወንድምሽ ጋር ዋጋ ስከራከር ተቀምጠሽ አየሽኝ?» ብላ ገብታ በሯን ዘጋች። እስከ ዛሬ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ነው። አልፈርድባትም፤ እሷንም አሳፍሬያታለሁ።

ከመነዳሪው አንዳች ሳይጎድል አደረ። አስተንፍሼና አጥፌ በአባይነህ ልኬልሃለሁ። ከሸራ ልባስ ሰፍቼለታለሁ፤ ስፌቱ ድርብ ነው፣ የዓሣ እሾህ በቀላሉ አይደርስበትም። አሮጌውን ጠፍር አታዛውርበት፣ አዲስ ወጥርለት። ነፋስ ሲነሣም ትልቅ ነው ብለህ አትመካበት፤ ወደ ዳር ውጣ። ደግሞ ይህ የይቅርታዬ መግዣ እንዳይመስልህ። ነፋሱ እኛ እስክንታረቅ ስለማይጠብቅ ነው ከመነዳሪው የቀደመው። ይቅርታውን በአባይነህ አልክም፤ ለፋሲካ እኔው መጥቼ በወርቅዬና በልጆችህ ፊት እጠይቅሃለሁ። አትምጪ ካልኸኝ አልመጣም።

እማማ ገበያነሽን ጉልበታቸውን ስመህ ሰላም በልልኝ። ላቀውንና ዓለሚቱን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ፊደል የማትቆጥርበት ቀን ይመጣል በላቸው። ወርቅዬ፣ በባልሽ ላይ ያደረግሁትን ሰምተሽ ከሆነ ሰላምታዬን መልሺ አልልሽም፤ ብቻ ውኃ ሲገባ ከዳር ሆነሽ እዪልኝ። ግዛው፣ ለአንተ በምን ድፍረት ሰላምታ እንደምጽፍ አላውቅም። ሐይቁ ላይ ወጥተህ ከተቀመጥህበት በኋላ ጠበበኝ ወይም በቃኝ ብለህ በአባይነህ አፍ ላክብኝ። ሌላ ቃል ባትጨምርበት አይከፋኝም።

እህትህ አረጋሽ
ንፋስ ስልክ፣ አዲስ አበባ
ጥር ፲፯ ቀን ፲፱፻፸፭ ዓ.ም.