ተቀመጡ ያላቸው ሰው አልነበረም

ቅዳሜ፣ ጥር 23 ቀን 2018 ዓ.ም.
አያት፣ አዲስ አበባ

ይድረስ ለኩርፊያው ንጉሥ፣ ለባለቤቴ ለፊሊጶስ፤

ጤናህን፣ እንቅልፍህን፣ የዱባይን ሙቀት እንዴት እንደቻልከው ሁሉ እጠይቅሃለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ እንዲያውም ከትናንት ጀምሮ እግሬ መሬት አልነካም። በቴሌግራም ያልጻፍኩልህ አውቄ ነው፤ ሁለት መስመር አንብበህ፣ አውራ ጣት ልከህ ትገላገለኛለህ። ይህን ግን የሲግናል ሰፈሩ ሙክታር ለሱቁ ዕቃ ሊገዛ እዚያ ሲመጣ በእጅህ ይሰጥሃል፤ አንብበህ እስክትጨርስም ከፊትህ አይሄድም። አደራ ብዬዋለሁ።

አምና ሰኔ ላይ ቫዮሊንህን አንግበህ ከትምህርት ቤታችን ስትወጣ ያልከኝን አልረሳሁትም። «እነዚህ ልጆች አምስት ደቂቃ አያዳምጡም፤ ለድንጋይ ስጫወት አልኖርም» አልክ። ርዕሰ መምህርትህም ሚስትህም ስለሆንኩ በሁለቱም በኩል አመመኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ያን ቀን መልስ አልሰጠሁህም። መልሱ ትናንት መጣ።

ከፕራግ አራት ሙዚቀኞች መጥተው ነበር፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። መጀመሪያ «ከተማ አዳራሽ ውስጥ ነው የሚጫወቱት፤ ልጆችሽን በአውቶቡስ ይዘሽ ውረጂ» ተባልኩ። እምቢ አልኩ። እንግዳ ነው ወደ ቤት የሚመጣው፤ ከእንጦጦ ፓርክ ጀርባ፣ አስፋልቱ ካለቀ በኋላም ትምህርት ቤት እንዳለ ይዩት አልኩ። የወረዳው ኃላፊ አቶ ኃይለ መስቀልም እንዲገኙ ደጅ ጠናሁ። የሙዚቃ መምህር መደቡ የሚያስተምርበት ሰው የለም ተብሎ በሒሳብ ሊተካ ነበር፤ ወረቀቱ አልቆ የእሳቸውን ፊርማ ብቻ ይጠብቅ ነበር። ልጆቹን ሳያዩ እንዳይፈርሙ ፈለግሁ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ልጆች ሜዳው ላይ ተኮልኩለው ተቀምጠው ሳለ እንግዶቹ ደረሱ። በዚያችው ደቂቃ አቶ ኃይለ መስቀል ደወሉ፤ መኪናቸው ዳገቱ ላይ እምቢ ብላቸዋለች። «እስክመለስ ልጆቹን ያዝልኝ» ብዬ ለስፖርቱ መምህር ለገላው ሰጥቼ ሮጥኩ። እንግዶቹ ግን የእንጦጦ ብርድ ጣታቸውን ሳያደነዝዘው መጀመር ፈለጉ።

ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረኝ ገላው ነው። እንግዶቹ ፊት ለፊት ሲወጡ ልጆቹ እንደ ደንባቸው ብድግ አሉ። እንግዶቹ እጅ ነሱ። እጅ ለነሳ ሰው ዝም አይባልምና ልጆቹም እጅ ነሱ። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ደግመው ጎንበስ አሉ፤ ሦስት መቶ ልጅም ደገመ። «አንዱ ወገን ካልተወ እስከ ምሳ ስንሰጋገድ ልንውል ነው ብዬ ፈራሁ» ይላል ገላው። በመጨረሻ እንግዶቹ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መጫወት ጀመሩ። ልጆቹ ግን እንደ ቆሙ ቀሩ! እንግዳ «ተቀመጡ» ሳይል እንደማይቀመጡ አንተ ታውቃለህ፤ የፕራግ ሰው ግን ይህን ከየት ያውቀዋል?

«አንተስ አፍ የለህም ወይ?» አልኩት ገላውን።

«እንግዳው ሳይል እኔ ምን አግብቶኝ!» አለኝ።

እኔና አቶ ኃይለ መስቀል አቧራ ጠጥተን በእግራችን ስንደርስ ከሙዚቃው በቀር ኮሽ የሚል ነገር አልነበረም። አንደኛ ክፍሎቹ ሳይቀሩ እርስ በርስ ተደጋግፈው ቆመዋል። ኃላፊው ወደ ጆሮዬ ተጠግተው «ወይዘሮ ሠናይት፣ ስንት ወር አለማመድሻቸው?» አሉኝ። ያኔ ነው ተቀመጡ ያላቸው ሰው እንደሌለ የገባኝ። እፍረቴን አትጠይቀኝ፤ እንግዳ ጋብዤ ልጆቼን የቀጣሁ መሰለኝ።

ሙዚቃው ሲያልቅ ቪዮላ የምትጫወተዋ ሴት ዐይኗን ትጠርጋለች። «በአገራችን ሰው ብድግ የሚልልን ስንጨርስ ነው፤ እስከ መጨረሻው ቆሞ የሰማን የለም» ብላ በአስተርጓሚ ተናገረች። እኔ ግን የልጆቹ እግር ነው የታየኝ። ፊት ወጥቼ «ልጆች፣ ይቅርታ፣ ተቀመጡ!» አልኩ።

አንድም ልጅ አልተቀመጠም።

የስድስተኛ ክፍሏን ናዲያን ታውቃታለህ፤ ዴስክ ትደበድባለች ብለህ ከክፍል ታስወጣት የነበረችውን። እጇን አወጣችና «ቲቸር፣ ከተቀመጥን እኮ ጣታቸው አይታየንም» አለች። ፊሊጶስ፣ እዚያው ሰው ፊት አለቀስኩ። ሁለተኛውንም ሙዚቃ ቆመው ሰሙት። የመጀመሪያው ብቻ ሃያ ሰባት ደቂቃ ፈጅቷል፤ ገላው በስፖርት ሰዓቱ ይዞታል። እስቲ ንገረኝ፣ እዚያ በምትጫወትበት ሆቴል እራት ከሚበላው ሰው መሃል ስንቱ ነው ሹካውን አስቀምጦ ሃያ ሰባት ደቂቃ የሚሰማህ?

ጉዱ አላለቀም። እንግዶቹ ሲሸኙ ናዲያ አቶ ኃይለ መስቀል ፊት ሄዳ ቆመች። «ቲቸር ፊሊጶስ ሲመጣ ይሄን ያስተምረናል?» አለቻቸው።

«ፊሊጶስ ማነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

«የሙዚቃ መምህራችን ነው። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ላይ ነው» አልኩ፤ ዐይኔን አላሸሸሁም።

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ለሁለተኛው ወሰነ ትምህርት። የካቲት ሁለት፣ ሰኞ።»

ትንሽ አዩኝ፤ ከዚያ የመደቡን ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። «እንግዲያው አልፈርምም። ያን ሰኞ ራሴ መጥቼ ክፍል ውስጥ ካጣሁት ግን እፈርማለሁ» አሉ። ልጆቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው አጨበጨቡ፤ እኔም አጨበጨብኩ። አሸነፍን፣ ፊሊጶስ! ዳገቱን ስንወርድ ገላው ኳስ ግጥሚያ እንዳሸነፈ ሰው ሲጨፍር ነበር።

ዋሸች ብለህ እንዳትቀየመኝ። አምና ጠረጴዛዬ ላይ ጥለኸው የሄድከውን መልቀቂያ ለወረዳው አላስተላለፍኩትም። በምትኩ የፈቃድ ማመልከቻ በስምህ ጽፌ አስገባሁ፤ ፊርማህን መምሰል ለሚስት ምን ይከብዳታል? ጥፋት መሆኑን አውቃለሁ። ስትመጣ ክሰሰኝ።

ስለ እኔና ስለ አንተ ምንም እንዳልጻፍኩ ልብ በልልኝ፤ ይህ ደብዳቤ ስለ ትምህርት ቤቱ ነው። አልጋው በስተግራ በኩል እንደ ተውከው መሆኑን፣ ሽሮ ስሠራ እስከ ዛሬ ለሁለት ሰው እንደምለካም አልነገርኩህም።

ሙክታር ሐሙስ ይመለሳል፤ መንገዱ ላይ ብቻዬን ይሰለቸኛል ሲል ሰምቼዋለሁ። መልቀቂያህ አሁንም መሳቢያዬ ውስጥ ነው። የካቲት ሁለት ጠዋት ወይ አንተ ትገባለህ፣ ወይ እሱ ይወጣል።

በሄድክበት ያስተናገደህ አምላክ የመመለሻህን መንገድ ያቅናልህ፤ ኩራትህንም እዚያው ያስቀርልህ፤ አሜን በል።

ሚስትህና አለቃህ፣
ሠናይት